የ«ያላገባው» መምህር ሚስት

መንግሥት ስለ ሰው የሚያውቀው፣ ሰውየው በአንድ ቀን በአንድ ወረቀት ላይ የነገረውን ብቻ ነው። በሃያ ዓመታችን ሥራ ስንቀጠር ቅጽ ሰጡን፤ ስም ከነአያት፣ የትውልድ ቦታ፣ የጋብቻ ሁኔታ። ሞላን፣ ፈረምን፣ ወጣን። ከዚያ በኋላ እኛ ወፈርን፣ ከሳን፣ አገባን፣ ሸበትን። ወረቀቱ ግን መደርደሪያው ላይ ጎረምሳ እንደሆነ ቀረ። እስቲ ፍረዱኝ፤ ከእናንተ መካከል በሠርጉ ማግሥት መዝገብ ቤት ሄዶ «አግብቻለሁና አርሙልኝ» ያለ ማን አለ? ሰው ሲያገባ ለዘመድ ይናገራል እንጂ ለፋይል አይናገርም።

ጓደኛዬ መምህር አስማረም አልተናገረም።

አስማረ አርባን ተሻግሮ የዝብነሽን ሲያገባ ሚዜው እኔ ነበርሁ። ሠርጉ ሽንዲ አጠገብ፣ በአባቷ ቤት ነበር። ጥቂት ወራት እንዳለፈ እሱን ከዳንግላ ወዲያ፣ ሊበን መደቡት። እሷ አባቷ ያረፉ ጊዜ ነበርና መሬቱን ጥላ ልትከተለው አልቻለችም። እንዲህ ሆነው አሥራ አንድ ዓመት ኖሩ፤ እሱ ሊበን፣ እሷ ሽንዲ። ትምህርት ሲዘጋ ይመጣል፣ ሲከፈት ይሄዳል። ክረምት ክረምት ፊደል ያስቆጥራታል፤ እሱ ሲሄድ እሷ ከግድግዳው ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ እያነበበች ትጠብቀዋለች። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። በመጨረሻ ሽንዲ መምህር ጎደለና ወደዚያ ተዛውሮ ጥቂት ዓመት አብረው ኖሩና፣ ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት ሲቀረው በሳምንት ሕመም ሞተብን።

እኔ ቀድሜው ጡረታ ወጥቼ፣ ፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። ስለዚህ የዝብነሽ የባሏን የጡረታ አበል ልትጠይቅ ስትመጣ ያረፈችው እኔ ቤት ነበር። ቢሮው አብረን ሄድን። ሠራተኛዋ ደግ ሴት ናት፤ ፋይሉን አገላብጣ አገላብጣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እማማ፣ እዚህ ላይ ‹ያላገባ› ነው የሚለው።»

ፍርድ ቤት ቀረብን። እኔ ሚዜው ቆሜ መሰከርሁ፤ ዳኛውም ሚስቱ ናት ብለው ወሰኑ። ቢሮው ግን ሟች በሊበን ለብቻቸው ሲኖሩ ኖረዋል፣ ፋይሉም ያንኑ ይላል፣ በሕይወት ሳሉ በእጃቸው የጻፉት ነገር ካለ አምጡ አለን። እኔ እየተቆጣሁ ወጣሁ። የዝብነሽ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና ለማንም ነግራ የማታውቀውን ነገረችኝ።

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ‹በሚቀጥለው ዓመት ያዛውሩኛል› ይለኝ ነበር። ጠይቆ ይሁን ሳይጠይቅ እንጃ። ብቻውን መኖሩ ተስማምቶት እንደሆነስ ማን ያውቃል፣ ወንድምዓለም?»

ጓደኛው ነኝ፤ ግን ለእኔም ነግሮኝ አያውቅም። እሱ ስለ ልቡ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ስለ ዝናብ ያወራል፣ ስለ ጠመኔ እጥረት ያወራል፣ ከዚያ ዝም ይላል።

በዚያው ሰሞን ከአካባቢያችን የተመረጡት የምክር ቤት አባል መራጮቻቸውን ሊያነጋግሩ ፍኖተ ሰላም መጡ። ቀድሞ ነርስ የነበሩ፣ ከመናገር ይልቅ መጻፍ የሚቀናቸው ሴት ናቸው። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሰው ስለ ማዳበሪያ ጠየቀ፣ ስለ መንገድ ጠየቀ፣ ስለ ሰላም ጠየቀ። አንዱ ጥያቄ አለኝ ብሎ ተነሥቶ ሩብ ሰዓት ታሪክ ነገረን፤ መቼም እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ስብሰባ የለንም። ሊዘጋ ሲል የዝብነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። እኔ አልመከርኋትም።

«የተከበሩ፣ እኔ የመጣሁት ስለ አበሉ ብቻ አይደለም» አለች። «ወረቀቱ ባሌ ያለ ሚስት ኖረ ይላል። እኔ በሕይወት አለሁ። ይኼን የሚያርመው የትኛው ቢሮ ነው?»

እንደራሴዋ ጻፉ፤ ጽፈው ደግሞ አነበቡላትና «እንዲህ ነው ያሉኝ?» ብለው ጠየቋት። እንዲያ የሚጠይቅ ባለሥልጣን አይቼ ስለማላውቅ ትንሽ ደነገጥሁ።

ምክር ቤቱ ስብሰባ በተቀመጠ ጊዜ እኔ ቤት ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጥን። እንደራሴዋ ጥቂት ደቂቃ ተሰጣቸው። መጀመሪያ የጡረታ አበል ከገበያው ጋር እንዴት ይራመዳል አሉ። ቀጥለው፣ ዕድሜ ልኩን አርሶ ጉልበቱ ላለቀ፣ ጧሪ ለሌለው የገጠር ሽማግሌ መንግሥት ምን አስቧል አሉ። ሦስተኛውን ሲጀምሩ ወረቀታቸውን አወጡና የዝብነሽን ቃል አንዲት ፊደል ሳይለውጡ አነበቡት። «እኔ በሕይወት አለሁ» የሚለው ላይ አንዳንድ አባላት ሳቁ። የዝብነሽ ምን አሳቃቸው ብላ ጠየቀችኝ። ደስ ብሏቸው ነው አልኋት። ምን ልበላት?

መልስ ሰጪው ሹም በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ብዙ ተናገሩ፣ ሁለተኛው በጥናት ላይ ነው አሉ፣ ለሦስተኛው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር በቃቸው፦ ማስረጃ ላቀረበ ሁሉ በሩ ክፍት ነው። እኔ ቴሌቪዥኑን በብስጭት አጠፋሁት። ማስረጃ ቢኖረን ኖሮ ማን በር ያንኳኳ ነበር?

በማግሥቱ እንደራሴዋ ራሳቸው ደወሉልኝ። መልሱ እንዳላረካቸው ነገሩኝና፣ መምህሩ ያስተማሩበት ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልሄድንም ነበር። ስንት ዓመት ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬ ይኼ አልታየኝም፤ አፈርሁ።

መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ሳምንት ቡሬ ላይ ሚኒባስ ቀይረን፣ ዳንግላን አልፈን ሊበን ገባን። የዝብነሽ መንገዱን ሙሉ በመስኮት ታያለች። ባሏ አሥራ አንድ ዓመት የተመላለሰበትን አገር ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። ትምህርት ቤቱ ስንደርስም ከሁሉ በፊት የጠየቀችው የት ይተኛ እንደነበር ነው። ከመምህራን መኖሪያ አንዲቱን ክፍል አሳዩዋት። ደጃፏ ላይ ቆማ በዓይኗ ለካቻትና «ጠባብ ናት» አለች።

ርእሰ መምህሩ ወጣት ናቸው፤ አስማረን አያውቁትም። ዕቃ ግምጃ ቤቱን ግን ከፍተው፣ የቀድሞ መምህራን ትተውት ከሄዱት ወረቀት መካከል ስሙ ያለበት አንድ አቃፊ አወጡልንና «የግላቸው ነው፣ ውሰዱት» አሉን። ውስጡ የዝውውር ማመልከቻ ነበር። የአንድ ዓመት አይደለም፤ የአሥራ አንዱም ዓመት። ሁሉም በእጁ የተጻፉ፣ ሁሉም ማኅተም ያረፈባቸው፣ ሁሉም የተከለከሉ። አንዱ ዓመት የሊበን አየር አልተስማማኝም ይላል። ሌላው የአማቴ እርሻ ጠባቂ አጣ ይላል። ሌላው ባለቤቴ የዝብነሽ በጽኑ ታማብኛለች ይላል። የመጨረሻውን እሷው አነሣችው። እሱ ባስተማራት ፊደል፣ በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ አነበበች።

«ባለቤቴ የዝብነሽ ናፍቃኛለች። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ከግርጌው አንድ አለቃ በቀይ ብዕር «ምክንያቱ በቂ ሆኖ አልተገኘም» ብሎበታል።

የዝብነሽ ወረቀቱን ደረቷ ላይ አድርጋ እንጨት አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ርእሰ መምህሩና እኔ ውጭ ወጥተን ስለ ዝናብ አወራን።

ወደ ጡረታ ቢሮው ስንመለስ ሠራተኛዋ ደስ አላት፤ በራሱ እጅ «ባለቤቴ» ብሎ ስሟን የጻፈበት አንድ ደብዳቤ ይበቃል፣ ግን ዋናው ፋይሉ ውስጥ ይቀራል አለችን። የዝብነሽ አቃፊውን ከፍታ ስታገላብጥ ቆየችና መታመሟን የሚያወራውን መዝዛ ሰጠች። እኔ ተጠግቼ የመጨረሻው አይሻልም ወይ አልኋት።

«እሱ የእኔ ነው» አለችኝ። «ለመንግሥት መታመሜ ይበቃዋል።»

ሠራተኛዋ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብባ፣ ከልቧ አዝና ቀና አለች። «እማማ፣ በጣም ታመው ነበር ለካ። አሁንስ ተሻለዎት?»

«ተመስገን፣ ተሽሎኛል» አለች የዝብነሽ፣ ፈገግታዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና።

አበሉ ተፈቀደላት። ከቢሮው ወጥተን ጥቂት እንደተራመድን ምን ሕመም እንደነበረ ጠየቅኋት፤ ሰምቼ አላውቅም ነበርና።

«ያን ዓመት» አለችኝ፣ «ጉንፋን እንኳ አልያዘኝም።»