አያ አራጌ መኪና ሲያዳምጡ

ከተማ ሁሉ አንድ የማይቸኩል ሰው አለው። ቤት ሲቃጠል አገሩ በእንስራ ውሃ ይዞ ሲራወጥ «ቆይ፣ ነፋሱ ከወዴት ነው?» የሚል። ዶፍ ሲወርድ ሁሉም ከየጥጋቱ ሲወሸቅ «ብሮጥ ከፊቴ ያለው ዝናብ ይቀርልኛል እንዴ?» እያለ መሐል መንገድ የሚንቀረፈፍ። ቸኳዩ የሰው ልጅ እንዲህ ያለውን ፍጡር አንቆ መግደል ስንት ጊዜ አምሮታል። ግን አይገድለውም፤ የሚፈለግበት ቀን አለና።

ለመካነ ሰላም የደረሷት አያ አራጌ ነበሩ።

አያ አራጌ በጣሊያን ጊዜ፣ ገና ጎረምሳ ሳሉ፣ ከመንገድ ሠሪዎች ጋር ድንጋይ ሲፈልጡ ቆይተው ካምቢዮና ካቻቢቴ የሚሉ ቃላት ይዘው የተመለሱ መካኒክ ናቸው። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ አምባቸው «ሊቀ ካምቢዮ፣ ዐቃቤ ባትሪ፣ መጋቤ ብሎን ወቺንጋ» የሚል ማዕረግ ሰጥቷቸዋል። እሳቸው ማዕረጉን በጸጋ ተቀብለው፣ ለሥራው ግን እንደ ድሮው ቀስ አሉ። የተበላሸ ነገር ሲመጣላቸው መፍቻ አያነሱም። ዱካ ስበው አጠገቡ ይቀመጡና «እስቲ ትናገር፤ አፏን አትያዟት» ይላሉ። እሷ ያሏት መኪናዋ ናት፤ ወይም ወፍጮዋ፤ ወይም የልብስ ስፌት መኪናዋ።

የአምባቸው አጎት ወፍጮ እየተንቀጠቀጠ አላስፈጭ ያለ ጊዜ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ግድግዳ ተደግፈው አዳመጡት። በሦስተኛው ቀን ከደጅ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ አንስተው ከሞተሩ እግር ሥር ሸጎጡ፤ መንቀጥቀጡ ቆመ። ባለ ወፍጮው «ለአንዲት ድንጋይ ሁለት ቀን!» ብሎ ጮኸ። «ድንጋይዋንስ ወዲያው ነው ያገኘኋት፤ ቦታዋ ነው የቆየው» አሉት። የአውራጃው ሹም መኪና ማርሽ አልቀበል ብላ የመጣች ቀን ደግሞ፣ ግማሽ ቀን አብረው ሲዞሩ ውለው «መኪናዋ ደህና ናት፤ ሹፌሩን ቀየር አድርጉት» የሚል ፍርድ ሰጡ። ሹፌሩ ሰላምታቸውን እስከ ፋሲካ አልመለሰም።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ስድስት፣ ሐምሌ እንደገባ፣ አገሩ ሁሉ ጉም ለብሶ ነበር። የእታገኘሁ ሻይ ቤት ራዲዮ የታሰሩ መኳንንትን ስም ያነባል። ትናንት ስማቸው ሲጠራ ባርኔጣ የሚወለቅላቸው ሰዎች ዛሬ እንደ ጠፋ ከብት በዝርዝር ይጠራሉ። ሰው ሻዩን ይዞ ይሰማል፤ የሰማውን ግን እውነት ይሁን ሕልም አያውቀውም። አንዱ «አያ አራጌ፣ አገሪቱን ምን ነካት ይላሉ?» ሲላቸው «ገና እያዳመጥኳት ነው» አሉ።

ሹፌር ፈንታሁን ወደ መካነ ሰላም የገባው በዚያ ጉም ውስጥ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ነው። የጫነው ስንዴ ነበር። ስንዴው የሚሄደው ወደ ከላላ በሚወስደው ጥርጊያ መንገድ ላይ ወዳለ መጠለያ፣ ድርቁና ረሀቡ ከየቆላው ያወጣቸው ሰዎች ወደ ሰፈሩበት ሜዳ ነው። ባለፈው ጉዞው፣ እዚያ ንፍሮ የምታድለው ሐረግ የምትባል ሴት ጭልፋዋን ከባዶ በርሜል ጋር አጋጭታ አሰምታው ነበር። «እስከ ሐሙስ እንደ ምንም አቆያቸዋለሁ። ከሐሙስ ወዲያ ግን እኔንጃ፣ ወንድሜ» ብላዋለች። ፈንታሁን ያንን የበርሜል ድምፅ ከደሴ እስከዚህ ድረስ በጆሮው ይዞት መጥቷል።

መኪናዋ ደግሞ ከዚያ ጉዞ መልስ ጀምሮ ሥራዋ እንቆቅልሽ ሆነ። ሜዳውን እንደ ፈረስ ትጋልባለች። ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ስትደርስ ግን፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ጋዝ ሲሰጣት፣ ጸጥ! በደሴ አንዱ ጋራዥ «ካምቢዮ ነው» ብሎ የማርሹን ሳጥን ፈትቶ ገጥሟል፤ ሌላው «ባትሪ ነው» ብሎ ቀይሯል። ሁለቱም ሜዳ ላይ ሞክረው «ይኸው ዳነች» ብለው ሸኝተውታል። ዛሬ ከከተማው ወዲያ ባለው ዳገት ላይ ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ሦስት ጊዜ ሞተችበት። በአራተኛው ተስፋ ቆርጦ በፍሬን እየያዘ ቁልቁል ወደ ከተማ መለሳት።

አያ አራጌ ዱካቸውን ይዘው መጡ።

«አብሽር፤ አይዞህ» አሉት። «እስቲ ንገረኝ። ስትሞት መብራቷ ይጠፋል?»

«አይጠፋም። ጥሩምባዋም ይጮኻል። ሞተሯ ብቻ ነው ዝም የሚለው።»

«ከዚያስ? ምን ታደርጋለህ?»

«እንዳትንሸራተት የእጅ ፍሬን እይዛለሁ። ሳስነሳት ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ፍሬኑን ለቅቄ ጋዝ ስሰጣት ደግሞ እልም።»

አያ አራጌ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፈንታሁን እንቅልፍ የወሰዳቸው መሰለው።

«የእጅ ፍሬኑ ሽቦ ይሞቃል?»

«ምን?»

«ስታስነሳት። ሽቦው ይሞቅ እንደሆነ ነክተህ አይተሃል?»

«አያ አራጌ፣ እኔ ስለ ሞተር ነው የማወራዎት!»

«ይሁን። ዳገት ስትወጣ የማርሹ ዘንግ ወዴት ያዘነብላል? ወደ አንተ ነው ወይስ ወደዚያኛው በር?»

ፈንታሁን ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲነዳ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀው ሰው የለም። ሲያስበው ግን፣ እውነትም፣ ዘንጉ ዳገት ላይ ወደ ጉልበቱ እየመጣ ያስቸግረው ነበር። ይህንኑ ነገራቸው። እሳቸውም «አብሽር፤ ነገ ትናገራለች» ብለው፣ ዱካቸውን አንጠልጥለው በጉሙ ውስጥ ቀስ እያሉ ሄዱ።

ሐሙስ ነጋ። ፈንታሁን እታገኘሁ ዘንድ ሲገባ አያ አራጌ ሻያቸውን እፍ እያሉ አገኛቸው። መፍቻ በእጃቸው የለም። ደሙ ፈላ።

«ሰው እየሞተ ሻይ ይጠጣሉ?» አለ በራዲዮው ላይ እየጮኸ። «እዚያ ሜዳ ላይ ሰው እንዳለ ያውቃሉ? ዛሬ ሐሙስ መሆኑን ያውቃሉ?»

እታገኘሁ «ኸረ በሥላሴ፣ ታላቅህ ናቸው!» አለችው።

«ተይው፤ እውነቱን ነው» አሉ አያ አራጌ። ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «አምና እንዲሁ እህል የጫነ መኪና መጣ። ሹፌሩ ‹ቶሎ፣ ቶሎ› አለኝ። እኔም ሰው ነኝና ቸኮልኩ። ነገሩ ሳይገባኝ ያገኘሁትን አጥብቄ ሸኘሁት። በመንገዱ ላይ ካለ ወንዝ ወዲህ፣ ሰው በሌለበት ሸለቆ ቆመ። ዘጠኝ ቀን። እኔ በእግሬ ስደርስ ዝናቡ ሸራውን አልፎ ከእህሉ ገብቷል። እህሉ በቅሎ ነበር፣ ልጄ። በየጆንያው ስፌት ለምለም ቡቃያ ብቅ ብቅ ብሏል። መኪናው የተዘራ ማሳ መስሎ በጉም ውስጥ ቆሟል። እንዲህ ያለ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም፤ እንዲህም አልቅሼ አላውቅም። ይሄ ሰው የሚበላው ነበር።»

ፈንታሁን ከፊታቸው ተቀመጠ።

«አሁን ገብቶኛል መሰለኝ» አሉ አያ አራጌ እየተነሡ። «ግን መሰለኝ በቂ አይደለም። ዳገቱ ላይ ወስደህ ግደላት፤ ስትሞት ልያት።»

የሞተሩን መክደኛ ኮፈን ነቅለው ጣሉት። አያ አራጌ ከፊት ጎማው መከለያ ላይ በደረታቸው ተኙ፤ በአንድ እጃቸው መስተዋቱን ያዙ፤ ጭንቅላታቸውን ወደ ሞተሩ ደፉ። ፈንታሁን ጭነቷን እንደያዘች ወደ ዳገቱ ነዳት። ጉሙ ጠርዙንም ገደሉንም ውጦታል። የሚያየው ጥቂት ክንድ ጭቃና የአንድ ሽማግሌ ጀርባ ብቻ ነው። መሬቱ የቀረ፣ መኪናዋም በደመና ላይ የምትንሳፈፍ መሰለው፤ እኚህ ሰውዬ ከእጄ ቢወድቁ የት ብዬ እፈልጋቸዋለሁ ብሎ ፈራ። ሁለተኛ ማርሽ አስገባ። ጋዝ ሰጠ። ዘንጉ ወደ ጉልበቱ አዘነበለ። በሞተሩ ጎን፣ በነጩ ጉም ውስጥ፣ አንዲት ሰማያዊ ብልጭታ ብልጭ አለች። ጸጥ።

«ተናገረች!» ሲሉ ተሰሙ አያ አራጌ። ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤሌክትሪኩ ከሞተሩ ወደ ሻንሲው፣ ወደ መኪናዋ የብረት አጽም፣ የሚመለስበት፣ ማሳ የሚሉት ከመዳብ ክር የተጎነጎነ ገመድ አለ። ይህ ገመድ በቅባትና በጭቃ ተለብጦ ደህና መስሎ ይታያል እንጂ ከውስጥ ተበጥሷል። ሜዳ ላይ ጫፍና ጫፉ ተነካክቶ ይሠራል። ዳገት ላይ ግን ሞተሩ የተቀመጠበት የጎማ ትራስ ስለበሰበሰ፣ ሞተሩ ካምቢዮውን ይዞ ወደ ጎን ይጋደልና ገመዱን ይለያየዋል። ኤሌክትሪኩ መመለሻ ሲያጣ ሞተሩ ይሞታል። ፈንታሁን የእጅ ፍሬን ሲስብ ደግሞ የፍሬኑ ሽቦ ይወጠርና፣ ኤሌክትሪኩ በተውሶ መንገድ በእሱ በኩል ያልፋል። ፍሬኑ ሲለቀቅ መንገዱ ይዘጋል።

«ስለዚህ ነው ሽቦው ይሞቃል ወይ ያልኩህ» አሉ አያ አራጌ።

ፈንታሁን እጁን ሰዶ ሽቦውን ነካው። ሞቅ ብሏል።

ወደ ከተማ ተመለሱ። ከአያ አራጌ ሣጥን የመዳብ ክር ተገኘ፤ ግን መጎንጎን ነበረበት፤ የሁለቱም ወንዶች ጣት ደግሞ ለዚህ አልታደለም። እታገኘሁ ብርጭቆዋን ጥላ መጥታ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ክሩን እንደ ሹሩባ ጥብቅ አድርጋ ሠራችው። «አጃኢብ ነው! መኪናም ጸጉሯን ትሠራለች?» እያለች። ለሞተሩ ትራስ ወፍራም ጎማ አስፈለገ። አያ አራጌ ግራ ቀኙን አዩና ጎንበስ ብለው የግራ እግራቸውን የጎማ ጫማ፣ በረባሷቸውን፣ አወለቁ። በቢላ ቆርጠው፣ ደርበው፣ ከሞተሩ ሥር ጠቀጠቁት። ከዚያ በአንድ ጫማ ከጋቢናው ገቡ።

«ወዴት ነው?» አለ ፈንታሁን።

«ዳገቱን ሳትወጣ አላምናትም። ዳገቱን ብትወጣም ሳትደርስ አላምናትም።»

ወጣች። አንድ ጊዜም ሳታነጥስ ወጣች። ፈንታሁን ይስቅ ይዘፍን ጀመር፤ አያ አራጌ ግን ጆሯቸውን ከወለሉ አጠገብ አድርገው ጎንበስ እንዳሉ ሄዱ።

መጠለያው ሲደርሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ሰዎቹ ጭቃው ላይ ተቀምጠዋል። ማንም አልተነሣም፤ ማንም አልጮኸም፤ ዓይን ብቻ ወደ መኪናዋ ዞረ። ሐረግ መጣች። ፈንታሁንን በሁለት እጇ ትከሻውን ይዛ፣ «ሐሙስ ነው፤ ደርሰሃል» አለችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሁለት ሰዎች እኩለ ቀን ላይ አለፉ። አንዲት እናትና አንድ ሽማግሌ። እነሱ ብቻ ናቸው» አለች።

አያ አራጌ ሰሙ። ጆንያ የሚያወርዱትን አልፈው፣ የአዲሱ መቃብር ቀይ አፈር ወዳለበት ሄደው፣ በአንድ እግራቸው ባዶ፣ በሌላው በረባሶ እንዳደረጉ ቆሙ። ጠዋት ያ ሁሉ ቁጣ የነበረው ፈንታሁን አሁን ቁጣ ፈልጎ አጣ። ትናንት ማታውኑ መፍቻ ተነሥቶ ቢሆን እነዚህ ይተርፉ ነበር? ወይስ የተሳሳተው ብሎን ተፈትቶ፣ መኪናዋ ዛሬም ዳገቱ ሥር ቆማ፣ ሁለቱ ሟቾች ሃያ ይሆኑ ነበር? ይህን ማን ያውቃል? እሳቸውም ያንኑ እያሰሉ እንደሆነ ከጀርባቸው አስታወቀ። ሄዶ አጠገባቸው ቆመ።

«አብሽሩ፣ አያ አራጌ» አላቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። የመጀመሪያው በርሜል ሲፈላ እስኪያዩ ድረስ ከዚያ አልተንቀሳቀሱም።

በማግሥቱ ባዶዋን መኪና ይዘው ተመለሱ። ጉሙ ሳስቶ፣ ተራራዎቹ አንድ በአንድ ከነጭ ውሃ ብቅ እንደሚሉ ደሴቶች ይታያሉ። የመካነ ሰላም ቆርቆሮዎች ከሩቅ ሲያበሩ ፈንታሁን ፍጥነቱን ቀነሰ። አያ አራጌ ቤት የሚጠብቃቸው ሰው እንደሌለ እታገኘሁ ነግራው ነበር፤ ሚስታቸው በለጡ ካረፈች አራት ዓመት ሆኗታል። አሁን እዚህ ቢወርዱ፣ ዱካቸውን ይዘው በራቸውን ዘግተው፣ ያንን የቀይ አፈር ጉብታ ብቻቸውን ሲያዳምጡ ሊኖሩ ነው።

የመኪናዋ ድምፅ እንደ ንብ መንጋ የተስተካከለ ነበር። ፈንታሁን ጉሮሮውን ጠረገ።

«አያ አራጌ፣ የሆነ ድምፅ ይሰማኛል።»

ሽማግሌው ወደ እሱ ዞር አሉ። «ምን ዓይነት?»

«እኔንጃ። ከኋላ መሰለኝ። ካምቢዮው ይሆን? ይሄን ይዤ ብቻዬን ደሴ መግባት ያሰጋኛል። ነገ ደግሞ ሌላ ጭነት አለ።»

አያ አራጌ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አዳመጡ። የእታገኘሁ ሻይ ቤት በመስኮቱ አለፈ፤ የአምባቸው አጎት ወፍጮ አለፈ፤ የራሳቸው ቤት የተዘጋ በር አለፈ። ከተማዋ ከኋላ ቀርታ የደሴ መንገድ ፊት ለፊት ሲዘረጋ ዓይናቸውን ገለጡ።

«አዎ» አሉ በጣም በዝግታ። «እኔም ይሰማኛል።»