ቸርኬው ሲመታ

እኔ ዛሬም ከሩቅ የሚጠራኝን ድምፅ አላምንም። ምን ያስፈራሻል ትሉኝ ይሆናል። እናንተ ሦስት መጥሪያ ባለበት ቀበሌ መች ኖራችሁ?

በደርግ ጊዜ፣ ከጎረቤላ ቁልቁል ባለችው ቀበሌያችን፣ ፊሽካ ከተነፋ ስብሰባ ነው። ጥሩምባ ከተነፋ ሰው ሞቷል። ከማህበሩ ሱቅ ደጅ የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ ከተመታ ደግሞ ስኳር መጥቷል። ሰው ለመሰብሰብ ሦስት ዕቃ ምን ያደርጋል? ያደርጋል እንጂ! ሰው ምን ይዞ እንደሚወጣ በምን ይወቅ? ለቀብር አካፋ፣ ለስኳር ጣሳ። ለስብሰባማ ምን ይያዛል? ሰበብ።

ሊቀመንበራችን ጓድ ሸዋንግዛው ፊሽካውን ቢነፋ ቢነፋ፣ አንዱ ላሜ ጠፋች፣ አንዱ ወገቤን እያለ ሜዳው ባዶ ሆነበት። ታዲያ ምን አደረገ መሰላችሁ? የእድሩን ጥሩምባ አስነፋ! ደረታችንን እየደቃን ሄድን። ሬሳው የታለ ብንል፣ ተቀመጡ፣ ስለ እርከን ሥራ እንወያያለን አለን። ያውም ሦስት ጊዜ! ቸርኬውን ግን አልደፈረም። ስኳር ተብላ ስኳር ያጣች ሴት ምን እንደምታደርገው ያውቃል፤ ሚስት አለችው።

አማቴ እማማ አጸደ በዚህ ነገር ይብከነከኑ ነበር። በአገሩ እሳቸው ያላለቀሱበት ለቅሶ የለም።

«አንቺ፣ ይሄ ሰውዬ ጥሩምባውን አረከሰብን እኮ! እኔ ስሞት ማን ሊመጣልኝ ነው?» ይሉኛል።

«እርስዎ ደግሞ! ገና ሁላችንን ይቀብሩን የለ» እላቸዋለሁ።

ሞቱ። በሰኔ፣ እርሻው በደራበት። ጥሩምባው ተነፋ። አንድ ሰው ብቅ አይልም! ማዶ ሲያርሱ በዓይኔ አያቸዋለሁ፤ ቀና ይሉና፣ እርከን ነው ተባብለው መልሰው እርፋቸውን ይጨብጣሉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ባሌ ቤት ለቤት ልዙር ብሎ ወጣ፤ ያን አቀበት መቼ ጨርሶት? አባ ፍትሐቱን ጨርሰው ቆመዋል። ቃሬዛ የሚያነሣ አራት ሰው የለም። ዕድሜ ልካቸውን «ቀባሪ አታሳጣኝ» ሲሉ የኖሩ ሴት!

ተነሣሁ። ሱቁ ደጅ ሮጥኩና ድንጋይ አንሥቼ ቸርኬውን ቋ! ቋ! ቋ! አደረግሁት።

ያ ሁሉ አገር ሞፈሩን ጥሎ ቁልቁለቱን ወረደው። ጣሳ የያዘ፣ ጆንያ የያዘ። ከአሊዩ አምባ በርበሬ ጭነው የሚወጡ ነጋዴዎች ሳይቀሩ አህዮቻቸውን አቁመው መጡ። ስኳሩ የታል አሉኝ።

«ስኳር የለም። እማማ አጸደ ሞተዋል።»

ጎረቤቴ ወርቄ ጣሳዋን ወርውራ፣ «ወይኔ! ለኔ ማን ሊያለቅስልኝ ነው!» ብላ ጮኸች። ነጋዴዎቹም «ኢና ሊላሂ» ብለው ቃሬዛውን አነሡ። እንዲያ ያለ ቀብር በአገሩ ታይቶ አይታወቅም። ሊቀመንበሩ እንኳ ጆንያውን በብብቱ ይዞ አለቀሰ፤ ለእሳቸው ይሁን ለስኳሩ ፈጣሪ ይወቀው።

ውሸት ኃጢአት ነው እንድላችሁ አትጠብቁኝ። ቀጥዬ የምነግራችሁ ቅጣቴን ነው።

በወሩ ቸርኬው ተመታ። እኔ ሞኝ ነኝ? ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ደግሞ ማን ሞተ እያልኩ እየተንሰቀሰቅሁ ደረስሁ። ስኳር ነው! ነጭ በረዶ የመሰለ ስኳር! እኔ ባዶ እጄን። ወርቄም እንደኔው ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እንባዋ እየወረደ ከፊቴ ተሰልፋለች። ጎሽ፣ ብቻዬን አይደለሁም አልኩ።

ተራዋ ሲደርስ ከነጠላዋ ሥር ጣሳዋን አወጣች።