ለሁለት ሌሊት ሲባል እንደገና የሞተው አጎቴ

ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ያለፈውን አጎቴን እንደገና ገድዬዋለሁ። በቢላ አይደለም፣ በምላስ ነው። የገደልኩትም ለርስት ወይም ለቂም ሳይሆን ሆቴል ለመተኛት ነው። ይኸው ተናገርኩት። ከባዱ ይኼ ነው ብዬ ነበር፤ ሳስበው ግን ከባዱ ገና ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብዬ ልሂድበት።

መቼም ዘመናችን የነጥብ ዘመን ነው። ስልክ ስትሞሉ ነጥብ፣ አውሮፕላን ስትሳፈሩ ነጥብ፣ ሽቶ ስትገዙ ነጥብ። ሰው ሁሉ ደክሞ፣ ከፍሎ፣ ተሰልፎ ይሰበስባል። እኔ ግን የሰበሰብኩት ሰው ሲተኛ ነው። የምሠራው ጅቡቲ ወደብ አጠገብ ባለ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ነው። ዕቃቸውን ሊያስለቅቁ ከአዲስ አበባ ለሚመጡ ነጋዴዎች ማደሪያ የምይዘው እኔ ነኝ። ሆቴሉ ሲመዘግብ የአባልነት ቁጥር ይጠይቃል፤ ነጋዴዎቹ ቁጥር የላቸውም፣ ቢኖራቸውም ልባቸው ያለው ኮንቴይነራቸው ላይ ነው። አንድ ቀን የራሴን ቁጥር ጻፍኩ። ማንም አልጠየቀኝም። በሚቀጥለውም ጻፍኩ። እነሱ ያንኮራፋሉ፣ እኔ እከብራለሁ። አንድ ደግ የብረታ ብረት አስመጪ ነበሩ፤ ዕቃቸው ሦስት ሳምንት ታግቶባቸው እያማረሩ ሲተኙ እኔ በልቤ “እግዜር አያስቸኩልብዎ” እል ነበር። አያችሁ ክፋቴን!

ታዲያ ባለፈው ሐምሌ መልእክት መጣልኝ። ነጥቤን በዚህ ወር ካልተኛሁበት ይሞታል አለ። የሐምሌን ጅቡቲ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ብቻ ልንገር፤ ቀዝቃዛ ነው ከተባለው ቧንቧ የሚወጣው ውኃ ሻይ ለማፍላት ትንሽ ነው የሚቀረው። ከምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ምድጃ አፉን ከፍቶ የሚተነፍስባችሁ ይመስላል። ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር ባለችው ቤቴ እኛ ክሊም የምንለው ማቀዝቀዣ አለኝ፤ ነገር ግን የመብራቱን ሒሳብ ሳስብ የባሰ ስለሚሞቀኝ እንደ ዳዊት መጽሐፍ በጨርቅ ሸፍኜ አክብሬ አስቀምጬዋለሁ። እና ብርድ፣ በነጻ፣ ሁለት ሌሊት! እናንተስ ብትሆኑ?

ነጥቡን የሚሰጠው የሆቴል ኩባንያ ከተማችን ውስጥ ሁለት ሆቴል አለው። አንዱ ባሕሩ ዳር ነው፤ ነጥቤ እዚያ ለአንድ ሌሊት ብቻ ይበቃል። ሌላው ወደ አምቡሊ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ነው፤ እዚያ ሁለት ሌሊት ይሰጣል። ሽንኩርት እንደሚመርጥ ሰው ተቀምጬ እንግዶች የጻፉትን አስተያየት አገላበጥኩ። አንዱ ትራሱ ከፍ ይላል ይላል። አንዱ አውሮፕላኑ ይጮኻል ይላል፤ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ምን ሊያዜምለት ኖሯል? አንዱማ “ባሕሩ ይሞቃል” ብሎ ከአምስት አንድ ኮከብ ሰጥቷል። ባሕሩን ሆቴሉ አልጣደው!

የእኔ መስፈርት ግን ትራስም ባሕርም አልነበረም። መስፈርቴ “የእኛ ሰው ያልበዛበት የቱ ነው?” የሚል ነበር። የባሕሩ ሆቴል ውስጥ አንሶላ የምትቀይረው የሰንበቴ ማኅበርተኛዬ ናት፤ ዘበኛው ክርስትና ያነሣሁት ልጅ አባት ነው፤ ምግብ ቤቱ ውስጥ ያሉትን አልቆጥርም። አምቡሊ ግን የአውሮፕላን ሠራተኞችና የውጭ ወታደሮች ናቸው የሚያድሩት። ባሕሩን ተውኩት፣ አምቡሊን መረጥኩ።

ምን ያስደብቅሻል ትሉ ይሆናል። እስቲ ቁጭ ብላችሁ አስቡት። አርባ አራት ዓመቷ ነው፣ ባል የላትም፣ ቤቷ በእግር ግማሽ ሰዓት ነው፣ እሷ ግን ሆቴል አደረች። “በነጥብ ነው” ብል ማን ያምነኛል? ቢያምነኝስ “ነጥቡን ከየት አመጣሽው?” አይለኝም? የሰው እንቅልፍ አጠራቅሜ ልበል?

ደግሞ ከእኛ ግቢ ዝም ብሎ መውጣት አይቻልም። አራት ቤት ያለበት ግቢ ነው፤ በመግቢያው ወንበራቸውን ዘርግተው የሚቀመጡት እትዬ አስካለ ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። የድሬዳዋ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናቸው፣ በሙሽርነት ጅቡቲ መጥተው በዚያው ቀሩ፤ የሴቶቹን እድር የሚመሩትም እሳቸው ናቸው። በአጭሩ ጉምሩክ ናቸው፤ ያልተመዘገበ ነገር በእሳቸው በኩል አያልፍም። እኔ ደግሞ የትራንዚት ሠራተኛ ነኝና ሰነዴን አዘጋጅቼ ነበር።

“ወዴት ነው በሻንጣ?” አሉኝ ሐሙስ ከሰዓት።

“ድሬዳዋ ነው፣ እትዬ፣ በማታው አውቶቡስ። አጎቴ ዐረፈ።”

አዲስ ሰው መግደል ፈርቼ ነው፤ እዚህ ግቢ ከመግባቴ በፊት የሞተውን፣ እነሱ ያላለቀሱለትን መረጥኩ። ይኼም እንደ ጥንቃቄ ይቆጠርልኝ።

“ውይ በሞትኩት! ትርሲትዬ! ብቻሽን ለቅሶ ትሄጃለሽ?” ከወንበሩ ሊነሡ ሞከሩ፣ ጉልበታቸው እንቢ አላቸው። “አይ ጉልበት! በእጅሽ የምልከው አለኝና ቆይኝ።” ግድግዳ ተደግፈው ገብተው ትንሽ ቴርሞስ ይዘው ወጡ።

“ይቺን እዚያው ድሬ ላለችው እህቴ። የዓይን ጠብታ ናት፣ እዚያ ፋርማሲ ጠፍታለች። ያላት ነገ ጠዋት ያልቅባታል። አንዱ ዓይኗ እንደሆነ ሄዷል፤ የቀራትን ሐኪሙ አንድ ማታ እንኳ እንዳታቋርጪ ብሏታል። በረዶ ውስጥ ናት፣ እንዳትሞቅብሽ። ቤቷ ከዚራ ሰፈር ነው፣ ስልኳን ጽፌልሻለሁ። አደራ፣ ልጄ!”

ይኼውላችሁ ሞኝነቴ! ከጅቡቲ ድሬዳዋ ባዶ እጁን የሚሄድ መንገደኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መድኃኒቱ፣ ሽቶው፣ የሕፃን ወተቱ፣ ሁሉም የሚሄደው በመንገደኛ ነው፤ ምንም ያልተላከበት ሰው ጠበኛ ነው ማለት ነው። ሃያ ዓመት የሰው ዕቃ ሳስተላልፍ የኖርኩት ሴት ይህን ረሳሁ። እና ምን ልበል? “ስቀልድ ነው” ልበልና አጎቴ ከደጁ ከሞት ይነሣ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቴርሞሱን ተቀበልኩ።

ክፍሉ እንዴት ያለ ነበር! ነጭ አንሶላ፣ ነጭ መጋረጃ፣ ደግሞም ብርድ ልብስ። ብርድ ልብስ፣ በሐምሌ፣ በጅቡቲ! ተጠቅልዬበት ብቻዬን ሳቅኩ። ጠብታዋን ትንሿ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከለስላሳው ጎን አስቀመጥኳት። ከዚያ በኋላ ውኃ ልጠጣ በከፈትኩ ቁጥር እሷ ናት የምታየኝ። “ነገ ጠዋት በባቡር እወስድሻለሁ” አልኳት። እውነቴን ነበር። ችግሩ፣ ባቡሩ የሚነሣው በጠዋት ነው፤ የሆቴሉ ቁርስ ደግሞ እስከ አራት ሰዓት ነው።

ቁርሱን መረጥኩ።

የቁርሱ ሐብሐብ ሲያልቅ ኅሊናዬ መጣ። ምነው ትንሽ ቀደም ብሎ አይመጣም? ደጉ ጋ ደወልኩ፤ ደጉ ሰነዱን እኛ ቢሮ የምንጨርስለት፣ ግቢያችንንም የሚያውቅ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ዐርብ ኮንቴይነር ጭኖ ወደ ድሬ እንደሚወጣ አውቅ ነበር። “በአምቡሊ አሳብረህ እለፍ” አልኩት። ያን የሚያህል መኪና ሆቴሉ በር ላይ ሲቆም ዘበኞቹ ተንጫጩ። እኔ በእርጥብ ፀጉሬ፣ በሆቴሉ ነጭ ነጠላ ጫማ ቴርሞሴን አቅፌ ሮጥኩ።

ደጉ ከጋቢናው ወርዶ ባርኔጣውን አወለቀ። “እህት ዓለም፣ እግዜር ያጽናሽ። እትዬ አስካለ ነገሩኝ፤ ትናንት ድሬ ሄደች ብለው...” ነጠላ ጫማዬን አየ። ሕንጻውን ሽቅብ አየ። “ለቅሶው እዚህ ነው እንዴ?”

“ደጉዬ፣ በእናትህ!”

“አይ፣ ድንኳኑ ጥሩ ነው ለማለት ነው። ንፍሮም አለው?”

“ደጉ፣ አታሹፍ። ይቺ የእትዬ አስካለ እህት የዓይን መድኃኒት ናት። ዛሬ ማታ ያስፈልጋታል።”

ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። “ዛሬ ማታ? ደወሌ ጠረፉ ላይ እኮ ሰልፍ አለ፤ ብፈጥን ነገ ቀትር ነው የምደርሰው። ምነው ትናንት ብትሰጪኝ? ትናንት ሦስት መኪና ወጥቷል።” መልስ አልጠበቀም። ቴርሞሱን እንደ ዕንቁላል ይዞ ወጣና መስኮቱን ዝቅ አደረገ። “እኔ አንቺን አላየሁሽም። ዓይኗን ግን እግዜር ይይላት።”

ሁለተኛውን ሌሊት ብርድ ልብሱ ነው የተኛው፤ እኔ አልተኛሁም።

ጠብታዋ ቅዳሜ ቀትር ደረሰች። አንድ ማታ አለፋት። ሐኪሙ “ለአንድ ማታ ምንም አይሆንም” ብሏል ተባለ፤ እግዜር ይስጠው። ነገር ግን እኔ ሐብሐቤን ስቆርጥ ምንም እንደማይሆን አላውቅም ነበር።

ቤቴ ስመለስ ግቢው ውስጥ ወንበር ተደርድሯል። የእድሩ ሴቶች ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ሶማሊዋ ጎረቤታችን ሀሊማ በትልቅ ትሪ ሩዝ ይዛ ቆማለች። ስገባ ሁሉም አንድ ላይ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፣ ከልቤ ነው ያለቀስኩት፤ ለማን እንደሆነ ግን አላወቁም። ሦስት ቀን አስተዛዘኑኝ። “ስንት ዓመቱ ነበር?” “ምን ነካው?” ይሉኛል፤ በየመልሱ አንድ አንድ እጨምራለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ያለ ሰው በእድር ፊት ዋሽቶ አያውቅም።

ከሁሉ የጎዳኝ ግን የእትዬ አስካለ ምስጋና ነው። “እኔ ወንድሜን ቀብሬ አውቃለሁ፤ በዚያን ቀን ስሜንም አላስታውስ” አሉ ለሴቶቹ። “ይቺ ልጅ ግን በሐዘኗ መሐል አደራዬን አልረሳችም። ራሷ ከለቅሶ መውጣት ቢያቅታት በሹፌር ላከችላት።” ሴቶቹ መረቁኝ። አሜን አልኩ፤ ምን ልል ኖሯል?

በሦስተኛው ቀን ሰው ሁሉ ሲሄድ ቆረጥኩ። ወንበራቸው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። “እትዬ፣ የምነግርዎ ነገር አለኝ።”

“እኔም የምጠይቅሽ አለኝ፤ ትልቅ ይቅደም” አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ለቅሶ ላይ ስለሆንሽ አፍሬ ነው እስካሁን ዝም ያልኩት። በእህቴ በር በኩል ሳታልፊ አትቀሪም መቼም። አባቴ የተከለው የኒም ዛፍ ነበር፣ ከአጥሩ ውጭ። አለ?”

መሬቱን በጣቴ ጫርኩ።

“እህቴ ‘አለ’ ትለኛለች። እሷ በዚያ ዓይኗ ምን ታያለች? እንዳይከፋኝ ብላ ቢሆንስ? መንገድ ሲያሰፉ ስንቱን ቆርጠዋል አሉ። አሥራ አንድ ዓመት አላየሁትም፤ በዚህ ጉልበቴ ከእንግዲህ የማየውም አይመስለኝ። አንቺ ዓይን አለሽ። አለ ወይ?”

“አለ፣ እትዬ” አልኩ።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። “እንዲያውም ጥላው ከመንገዱ ተሻግሯል።”

እጄን ያዙት። ፊታቸው ላይ ያየሁትን መጻፍ አልችልም፤ የሰባ ዓመት ሴት ሳይሆን ከትምህርት ቤት የተመለሰች ልጅ ፊት ነበር። “ልትነግሪኝ የመጣሽው ነገር ምን ነበር?” እንኳ ሳይሉኝ ተነሥተው ለሀሊማ ሊነግሯት ሄዱ፤ ያ እንቢ ያለ ጉልበት ታዘዛቸው።

አሁን በበሩ የሚያልፍ ሁሉ ስለ ዛፉ ይሰማል። በመጀመሪያው ሳምንት ጥላው መንገድ ተሻግሮ ነበር፤ በሁለተኛው ሽማግሌዎች ተቀመጡበት፤ ባለፈው እሑድ ደግሞ ወፎች ሰፍረውበት ሰማሁ። የንስሐ አባቴ “ሄደሽ እውነቱን ንገሪያቸው” አሉኝ። ልክ ናቸው። ሆኖም አሁን አፌን ብከፍት የምናገረው የሆቴሉን ነገር ብቻ አይደለም፤ ዛፉንም በገዛ እጄ ልቆርጠው ነው። ደጉን “እስቲ አይተህ ንገረኝ” ልለው አሰብኩና “የለም” ቢለኝስ ብዬ ፈራሁ። እስካሁንም አልጠየቅሁትም።

ለእሳቸው መናገር አቅቶኝ ለእናንተ ተናገርኩ። እባካችሁ ይቅር በሉኝ።