ቀትር ላይ ዝም ስለሚለው አምፕሊፋየር የተያዘ ቃለ ጉባኤ

የቤተሰቡ የጋራ ሚኒባስ ኮሚቴ እሑድ ሚያዝያ 14 ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ከ20 ላይ በእማማ ሳሎን አስቸኳይ ስብሰባ አካሂዷል። ጥሪው ለ7 ሰዓት ነበር። የዘገዩት ሰብሳቢው ራሳቸው ስለሆኑ ግን ስለ ማርፈድ የተነሳ ነገር የለም።

የተገኙ፦
1. ወንድም ጋሼ፣ የበኩር ልጅ፣ ርዕሰ መምህር፦ ሰብሳቢ
2. እትዬ፣ ልብስ ሰፊ፣ የጸሐፊው ባለቤት፣ ለቃለ ጉባኤው ሲባል ብቻ አንቱ የተባሉ፦ አባል
3. የመጨረሻው ልጅ፣ የሚኒባሱ ሹፌር፦ አባልና ተከሳሽ
4. የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፦ ድምፅ የማይሰጥ ተጋባዥ ባለሙያ
5. እማማ፣ የሦስቱም ልጆች እናት፦ ሶፋው ላይ ሸለብ ስላደረጋቸው ለምልዓተ ጉባኤ ብቻ የተቆጠሩ
6. የእትዬ ባል፣ ከመዝገብ ቤት ጡረታ የወጣ፦ ጸሐፊ

ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ተረጋግጦ ወደ አጀንዳ ተገብቷል።

አጀንዳ 1፦ የችግሩ መግለጫ

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ ከፊት ወንበር ሥር ያለው አምፕሊፋየር፣ ማለትም ሙዚቃውን የሚያጎላው ሣጥን፣ ሙቀቱ ከገባ ወዲህ በየቀኑ ቀትር ላይ እንደ ምጣድ ግሎ በራሱ ይጠፋል። ጥፋቱም መስኮት እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሙዚቃ የሚከፍተው የሹፌሩ ነው። ሹፌሩ መልስ እንዲሰጥ ሲጠየቅ ወደ ሶፋው አየት አድርጎ «እሺ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብሏል። ለሌላ ጥያቄም መልሱ ይኸው ነበር።

ባለሙያው ሣጥኑ የሚጠፋው እንዳይቃጠል ራሱን ለማዳን መሆኑን ገልጾ፣ «አየር ነው ያጣው። አየር የከለከለው ደግሞ...» ብሎ ሲጀምር እትዬ ሳሉ፣ ሰብሳቢው ጣሪያውን አዩ፣ ሹፌሩ የባለሙያውን እግር ረገጠ።

ይህን ፋይል ወደፊት ለሚያነብ ሰው ሲባል ጸሐፊው የሚከተለውን ያስረዳል። ሣጥኑ እማማ በጥር ወር፣ ከአቧራ እንዲጠብቀው ይመስላል፣ በእጃቸው የሠሩለትን ባለ አራት አዝራር የሱፍ ሹራብ ለብሷል። ወፍራም ነው፣ አንገትጌም አለው። ይህን በስብሰባው ላይ ከቤተሰቡ ማንም አላነሳም። ጸሐፊውም አላነሳም፣ አማች ነው።

አጀንዳ 2፦ የማቀዝቀዣ ሐሳቦች

እትዬ በረዶ በፌስታል ተደርጎ ሣጥኑ ላይ እንዲቀመጥ ሐሳብ አቀረቡ። ባለሙያው ውሃ ከገባበት እንደሚቃጠል ሲናገር፣ በረዶው እንዳይቀልጥ በሚል ሐሳቡ ተሻሻለ። በዚህ ሙቀት እንዴት እንደማይቀልጥ ባለሙያው ጠይቆ፣ እሱ የተጠራው ለዚሁ መሆኑ ተነግሮታል።

ሰብሳቢው በበኩላቸው ሣጥኑ እንደ ተማሪ አርባ ደቂቃ ሠርቶ አሥር ደቂቃ ዕረፍት እንዲወጣ፣ ደወሉንም ራሳቸው ከትምህርት ቤት እንደሚያመጡ ገለጹ። ሙቀቱ በልጆች ትኩሳት መለኪያ እንዲለካም ተጠየቀ። መለኪያው የሚገባው ብብት ውስጥ ስለሆነ የአምፕሊፋየር ብብት የቱ ጋ ነው በሚለው ላይ አሥራ ሁለት ደቂቃ ክርክር ተደርጓል። እትዬ «አንተ ደግሞ ሁሉን የምታውቅ!» ማለታቸው፣ ሰብሳቢውም «ካንቺ ይሻላል» ማለታቸው ሐሳብን በነፃነት ከመግለጽ ተቆጥሯል።

ባለሙያው መኪናው ጥላ ሥር እንዲቆም፣ ድምፁ እንዲቀነስ፣ ትንሽ ማራገቢያ እንዲገጠም መክሮ «ከሁሉ በፊት ግን ያንን...» ሲል እትዬ ለሁለተኛ ጊዜ ሳሉ። ውሃ ቀርቦላቸዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ (ሀ) የማይቀልጥ በረዶ እንዲፈለግ፣ (ለ) ደወሉ እንዲመጣ፣ (ሐ) የብብቱ ጉዳይ በንዑስ ኮሚቴ እንዲጠና ተወሰነ። የባለሙያው ምክር ለጊዜው ታይቶ ታልፏል።

አጀንዳ 3፦ ስለ ቁልፉ

ሰብሳቢው የሚኒባሱ ቁልፍ ከሹፌሩ ተወስዶ ለሚስታቸው ወንድም እንዲሰጥ ጠየቁ። ሰውየው ረጋ ያለ መሆኑን አስረድተዋል። መንጃ ፈቃድ እንዳለው ሲጠየቁ «በሂደት ላይ ነው» አሉ።

ሹፌሩ ስድስት ዓመት እንጀራው የሆነውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ያ ልጅ አንዲት ቃል ተንፍሶ ራሱን ማዳን ይችል ነበር፣ እናቱን ማሳፈር ግን አልፈለገም። ጸሐፊው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው መሰናበቻ ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ሲያስገባ ኖሯል፣ እንዲህ ሆዱን ያባባው ግን አልነበረም።

ሰብሳቢው ደገፉ። እትዬ እንባቸውን እየጠረጉ ደገፉ። ሹፌሩ ድምፅ አልሰጠም። ጸሐፊው ማታ የሚገባው ከእትዬ ጋር ወደ አንድ ቤት ስለሆነ ተአቅቦ አድርጓል። ውሳኔው አለፈ።

በዚህ ጊዜ ባለሙያው ሳይፈቀድለት ተነስቶ፣ ቃል በቃል፣ «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ የዚህ ቤት ልጅ አይደለሁም። ሹራቡን አውልቁለት! በዚህ ሙቀት እኔንም ሹራብ ብታለብሱኝ ቀትር ላይ ዝም እላለሁ» ብሏል።

እማማ ዓይናቸውን ገለጡ። ከአጀንዳ 1 ጀምሮ እንዳልተኙ ታውቋል።

ያልተያዘ አጀንዳ

እማማ፦ «ሹራቡ ነው? ታዲያ አፍ የላችሁም? እኔ እኮ አቧራ እንዳይነካው ብዬ አይደለም የሠራሁት። ጩኸቱን እንዲያፍንልኝ ነው!»

ባለሙያው ድምፁ የሚወጣው በሩ ላይ ካሉት ስፒከሮች እንጂ ከሣጥኑ እንዳልሆነ በትሕትና አስረዳ።

እማማ፦ «ቀትር ላይ ጸጥ ሲል ሹራቡ ሠራልኝ ብዬ ስንት ቅዳሜ ተመስገን ብያለሁ!»

ሹፌሩ፦ «እማዬ፣ ምን አለበት ዝቅ አድርገው ብትይኝ?»

እማማ፦ «ስንቴ አልኩህ! በዚያ ጩኸት መች ሰማኸኝ? ሳልነሳ ትወጣለህ፣ ከተኛሁ በኋላ ትገባለህ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከፊት ወንበር አብሬህ የምዞረው መንገድ ናፍቆኝ ይመስልሃል? ሁለት ቃል ላዋራህ ብዬ ነው እንጂ።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠርገዋል።

የማጠቃለያ ውሳኔ

በዚህ ስብሰባ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተወሰነው ሁሉ፣ በረዶው፣ ደወሉ፣ ብብቱና የሰብሳቢው የሚስት ወንድም ሹመት ጭምር፣ በሙሉ ድምፅ ተሽሯል። ሹራቡ እንዲወልቅ፣ ቁልፉም በሹፌሩ እጅ እንዲቆይ እማማ ወስነዋል። ድምፅ እንዲሰጥበት የጠየቀ የለም።

ስብሰባው 10 ሰዓት ከ5 ላይ ተዘግቷል። እውነቱን ለመጻፍ ግን ሰብሳቢው አልዘጉትም፣ እማማ ጫማቸውን አድርገው ወጡ። ዛሬ ቅዳሜ አይደለም ሲባሉ «ይሁና» ብለዋል። ሹፌሩ ተከትሏቸው የፊተኛውን በር ከፈተላቸው። ጸሐፊው በመስኮት እንዳየው፣ ሚኒባሱ ከግቢው ሲወጣ ሙዚቃ አልነበረም፣ ሁለቱም እያወሩ ነበር። የተነጋገሩት በዚህ ቃለ ጉባኤ አልተካተተም።