ከአሥመራ የመጣችው ባለ ሁለት ወንበር

[ኅዳር 1966 ዓ.ም.፣ እኩለ ቀን። ከዋጃ ወደ ቆቦ የሚወስደው አውራ ጎዳና፣ የደረቀ ወንዝ ድልድይ አጠገብ። ዝቅ ያለች፣ ቀይ፣ ጣራ የሌላት አሮጌ የጣልያን መኪና ኮፈኗ ተከፍቶ ትጨሳለች። ባለቤቷ ደሳለኝ ቆቦ ባለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ሙሉ ልብስ ለብሷል። የሚስቱ ወንድም አራጌ የሮቢት ገበሬ ነው፤ ጋቢውን ተከናንቦ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ከአሥመራ ከተነሡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው።]

አራጌ፦ እኔ የምለው፣ ጣራዋን የት አደረጉት ነው።

ደሳለኝ፦ ከአዲግራት ጀምሮ እያስረዳሁህ ነው። ጣራ የላትም።

አራጌ፦ ተሰርቆባት ነው እንጂ ሲሠሯት ነበራት።

ደሳለኝ፦ ሲሠሯትም አልነበራትም። የስፖርት መኪና ናት። ሰው ለደስታው የሚነዳት ማለት ነው። እየሄድክ ነፋሱ ፊትህን ይመታሃል።

አራጌ፦ እኔን እስካሁን በነጻ ነበር የሚመታኝ።

ደሳለኝ፦ አንተ ምን ታደርግ። ሽማግሌው ጣልያን ሲሸጥልኝ አልቅሷል እኮ። ሃያ ዓመት ይዟት ኖሯል።

አራጌ፦ እኔ ደግሞ የሣቀ መስሎኝ።

ደሳለኝ፦ እንባ ነው ያየህበት።

አራጌ፦ እንባውን አየሁ። በሩን ከዘጋ በኋላ ነው ሣቁን የሰማሁት፤ ከሚስቱ ጋር ነበሩ። ደሴ ያለው ያባትዎ ቤት ግን ቆርቆሮው አዲስ ነበር። ጣራ ያለውን ሸጠው ጣራ የሌላትን ገዙ።

ደሳለኝ፦ ቤት ይሄዳል? ይህቺ በሰዓት መቶ ስልሳ ትሄዳለች።

አራጌ፦ ማን ነው የሚያባርረን?

ደሳለኝ፦ ቶሎ ለመድረስ ነዋ።

አራጌ፦ ሦስተኛ ቀናችን ነው። አውቶቡሱ በሁለት ቀን ይገባል።

ደሳለኝ፦ አውቶቡስ ላይ ተሳፋሪ ነህ። እዚህ ላይ ግን ጌታ ነህ።

አራጌ፦ ትናንት የማይጨውን ዳገት ስገፋትም ጌታ ነበርኩ?

ደሳለኝ፦ የኮረምን ሰው አላየህም? እንዴት እንደከበባት። ዓይናቸውን መንቀል አቃታቸው።

አራጌ፦ አንዱ ሰውዬ እህሉ የተጫነው በየት በኩል ነው ብሎ ጠየቀኝ።

ደሳለኝ፦ ምን አልከው?

አራጌ፦ ከኋላ ይሆናል አልኩት፤ እኔም አላውቅ። ከፍቶ አየ። የርስዎን ሻንጣ ብቻ አገኘ።

ደሳለኝ፦ ከዚያስ?

አራጌ፦ ይቅርታ አድርግልኝ አለኝና ዘጋው። እሱ ነው ያፈረው።

[ደሳለኝ መሐረቡን አውጥቶ የመኪናዋን መስተዋት ይወለውላል።]

አራጌ፦ እህቴ የሺስ የት ልትቀመጥ ነው?

ደሳለኝ፦ አንተ በተቀመጥክበት።

አራጌ፦ ልጆቹስ? አምስት ናቸው።

ደሳለኝ፦ የቤተሰብ መኪና አይደለችም አልኩህ።

አራጌ፦ ከቤተሰብ ሌላ ማን አለዎት?

ደሳለኝ፦ አራጌ፣ ስለማታውቀው ነገር አትናገር። ይልቅ ተማር። የግራ ካሕሱን ቁልቁለት ስንወርድ ምን አደረግኩ?

አራጌ፦ በዝቅተኛ ማርሽ አወረዷት።

ደሳለኝ፦ ለምን?

አራጌ፦ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ገደል ይገባል።

ደሳለኝ፦ ማርሽ ሲቀየር ምን ይረገጣል?

አራጌ፦ ፍሪሲዮን። በግራ እግር። አያ ደሳለኝ፣ ከአሥመራ ጀምሮ በየዳገቱ ነግረውኛል እኮ። ትናንት በእንቅልፌ "ልቀቅ፣ ቀስ፣ ልቀቅ" ስል ነው ያደርኩት።

ደሳለኝ፦ ለጠቅላላ እውቀትህ ነው እንጂ አንተ አትነዳም። መንዳት ጭንቅላት ይፈልጋል።

አራጌ፦ እኔማ እግር መስሎኝ ነበር።

ደሳለኝ፦ አሁን ራዲያተሯ በረድ ሲል ያንን ጄሪካን ታመጣለህ። ተጠምታለች።

አራጌ፦ ማን?

ደሳለኝ፦ መኪናዋ።

አራጌ፦ ምን ያህል ትጠጣለች?

ደሳለኝ፦ ያለውን ሁሉ።

አራጌ፦ ከጠጣች በኋላ ትታለባለች?

[ደሳለኝ ሊመልስ ሲል አንዲት ሴት አሮጊት እናቷን አዝላ ድልድዩን ተሻግራ ትመጣለች። ደብሪቱ ትባላለች። እናቷን አውርዳ መኪናዋ ጥላ ሥር ታስቀምጣቸዋለች።]

ደብሪቱ፦ እንደምን ዋላችሁ። ውሃ ካላችሁ ለእናቴ፣ ጉሮሮ ማርጠቢያ ያህል። ቆቦ መጠለያው ላደርሳቸው ነው።

ደሳለኝ፦ ከየት ነው የመጣሽው?

ደብሪቱ፦ ከወዲያ፣ ከሜዳው ነው። ማሽላው ሳያፈራ ቆሞ ደረቀ። በሬዎቹ አለቁ። ባለቤቴ ባለፈው ወር ሞተ። ከወጣን ሁለት ቀናችን ነው።

ደሳለኝ፦ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ውሃስ ነበረን፤ ግን የመኪናዋ ነው።

ደብሪቱ፦ መኪናዋ ምን ታደርገዋለች?

ደሳለኝ፦ ውስጧ ሲግል ያቀዘቅዝላታል።

ደብሪቱ፦ የናቴም ውስጥ እየነደደ ነው።

ደሳለኝ፦ ገብቶኛል። ነገሩን ላስረዳሽ። መኪናዋ ውሃ ካላገኘች አትሄድም። እሷ ካልሄደች ቆቦ አልደርስም። እኔ ቆቦ ካልደረስኩ ደግሞ...

አራጌ፦ ምን ይሆናል?

ደሳለኝ፦ እንዴት ምን ይሆናል?

አራጌ፦ ቆቦ ባይደርሱ።

ደሳለኝ፦ [አስቦ] ሰው አያየኝም።

[አራጌ ይህን ሲሰማ ከመኪናዋ ጎን ጄሪካኑን አንሥቶ ወደ ሴቶቹ ይሄዳል።]

ደሳለኝ፦ አንድ ጣሳ ብቻ። ሰማህ? አንድ።

አራጌ፦ ሰጥቻቸዋለሁ።

ደሳለኝ፦ ጥሩ። የቀረውን አምጣ።

አራጌ፦ የቀረውን ልጃቸው ጠጣች። ሁለት ቀን ሙሉ ሰው አዝላ የሄደች ናት። በተረፈው ፊታቸውን አጠብኳቸው።

ደሳለኝ፦ ጨረስከው? አንተ ድፍን ራስ፤ በረሃ መሃል ገደልከኝ እኮ። አሁን በምን ልንቀሳቀስ ነው?

አራጌ፦ ለመኪናዋ ላምጣላት እንዴ?

ደሳለኝ፦ ከየት?

አራጌ፦ ከወንዙ።

ደሳለኝ፦ ወንዙ ደርቋል፤ ዓይን የለህም?

አራጌ፦ የደረቀ ላዩ ነው። አሸዋውን ክንድ ያህል ቢቆፍሩት ውሃ ይወጣል። ከብት እያጠጣሁ ያደግኩበት ነው።

ደሳለኝ፦ ከመጀመሪያው ለምን አልነገርከኝም?

አራጌ፦ እያስረዱኝ ነበራ።

ደሳለኝ፦ አንቺስ ታውቂ ነበር?

ደብሪቱ፦ አውቃለሁ። መቆፈሪያ አቅም ነው ያጣሁ።

[አራጌ ወንዙ ውስጥ ወርዶ በእጁ ይቆፍራል። ጄሪካኑን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ያመጣል። ራዲያተሯ ይሞላል፤ ኮፈኑ ይዘጋል። ከዚያ አራጌ አሮጊቷን አቅፎ ያነሣቸዋል።]

ደሳለኝ፦ ምን ልታደርግ ነው?

አራጌ፦ ላስቀምጣቸው።

ደሳለኝ፦ ወንበሩ እኮ ንጹሕ ቆዳ ነው።

አራጌ፦ እሳቸውም ቆዳ ብቻ ናቸው። አይከብዱትም።

ደሳለኝ፦ አንተስ በምን ትመጣለህ?

አራጌ፦ በእግሬ። ልጃቸው ታቅፋቸዋለች፤ አንቱ ያድርሷቸው።

ደሳለኝ፦ [ተንፍሶ] ይሁን። ግን እንዲህ ሆኜ ቆቦ አልገባም። ከአላማጣ ስልክ አስደውያለሁ፤ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች በር ላይ ይጠብቁኛል። ፊቴን ልታጠብ።

[ሻንጣውን ይዞ ወደ ወንዙ ይወርዳል። አራጌ ደብሪቱንና እናቷን በአንዱ ወንበር ያስቀምጣል።]

ደብሪቱ፦ ወንድሜ፣ እናቴ ዓይናቸው ተገለበጠ።

አራጌ፦ አያ ደሳለኝ፣ ቶሎ ይምጡ። ሴትዮዋ እየደከሙ ነው።

ደሳለኝ፦ [ከታች] መጣሁ። ጸጉሬን ላበጥር።

ደብሪቱ፦ ትንፋሻቸው እያነሰ ነው።

አራጌ፦ አያ ደሳለኝ።

ደሳለኝ፦ [ከታች] ከረባቱ በአንድ በኩል ረዘመብኝ። እንደገና ላስረው ነው።

[አራጌ አሮጊቷን ያያል፤ መሪውን ያያል። ዞሮ በሹፌሩ ወንበር ይቀመጥና ቁልፉን ያዞራል። ሞተሩ ይነሣል። መኪናዋ እንደ ፍየል አንዴ ዘልላ ትቆማለች።]

ደሳለኝ፦ [ማበጠሪያ እንደያዘ ከወንዙ ብቅ ብሎ] ፍሪሲዮን እንዲህ ነው የሚለቀቀው? ስንት ጊዜ ነው የምነግርህ?

አራጌ፦ እሺ፣ አያ።

ደሳለኝ፦ አስነሣት። ነዳጅ ስጣት። አልበዛም? ቀንስ። አሁን ልቀቅ፤ ቀስ፤ ልቀቅ። እንደሱ።

[መኪናዋ መንቀሳቀስ ትጀምራለች።]

ደሳለኝ፦ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፤ ስትጮህ አትሰማም? አዎ። እሱ ነው። ጎበዝ። መንገዱን እንጂ እኔን አትይ።

[መኪናዋ አቧራ አስነሥታ ትርቃለች። ደሳለኝ በኩራት እያየ ይቆያል። ፊቱ ቀስ እያለ ይለወጣል።]

ደሳለኝ፦ አራጌ?

[ከቀኑ አሥር ሰዓት። ቆቦ፣ የመጠለያው በር። ረጅም ሰልፍ አለ። ደሳለኝ ከእግር እስከ ራሱ አቧራ ለብሶ፣ አንድ ጫማውን በእጁ ይዞ እያነከሰ ይደርሳል። መኪናዋ በሩ ላይ ቆማለች። አራጌ አንድ ሽማግሌ ደግፎ እያወረደ ነው።]

ደሳለኝ፦ ሌባ።

አራጌ፦ አያ ደሳለኝ፣ የት ገብተው ነው? ሦስት ጊዜ ተመልሼ ፈለግኩዎት።

ደሳለኝ፦ በእርሻው መሃል ነው የመጣሁት።

አራጌ፦ አውራ ጎዳናው እያለ?

ደሳለኝ፦ አሥመራ ድረስ መኪና ሊገዛ ሄደ የተባለ ሰው በእግሩ ሲመጣ ይታይ?

አራጌ፦ እኔ ደግሞ በመንገዱ ነው የፈለግኩዎት። ሳጣዎት፣ ባዶዬን ከምመለስ ብዬ የወደቀ ሰው ጫንኩ። አንዴ ሁለት፣ አንዴ ሦስት። ቀጭን ስለሆኑ ይበቃቸዋል።

ደሳለኝ፦ አሮጊቷስ?

አራጌ፦ ተርፈዋል። አጥሚት ይዘዋል። ሐኪሙ ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ አላገኛቸውም ነበር አለ።

[ደሳለኝ መኪናዋን ይዞራታል። ወንበሩ ላይ አፈር አለ፤ በእጁ ጠረግ ሊያደርግ ጀምሮ ያቆማል።]

ደሳለኝ፦ ማርሿስ እንዴት ሆነልህ?

አራጌ፦ ሦስተኛውን አጣሁት።

ደሳለኝ፦ ወደ ቀኝ ገፋ ታደርግና ወደ ፊት ነው።

አራጌ፦ እግዜር ይስጥልኝ።

[ደብሪቱ ከድንኳኑ ወጥታ ደሳለኝ ፊት ዝቅ ትላለች።]

ደብሪቱ፦ ጌታዬ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። መንገድ ላይ የወደቀውን ሁሉ እንዲያነሣ ያዘዙት አንቱ ነዎት አሉ፤ ወንድምዎ ነገረን።

ደሳለኝ፦ እኔ?

[ሰልፉ ሁሉ ዞሮ ያየዋል። አንዳንዱ እጁን ዘርግቶ ይመርቀዋል።]

ደሳለኝ፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] እንዴታ። ስገዛትም ለዚሁ ብዬ ነው።

ደብሪቱ፦ እንግዲያስ ጎረቤቴ ዘነበች ከዋጃ ወዲህ ግራር ሥር ቀርታለች። እግሯ አብጦ መራመድ አቃታት። ቦታውን እኔ አሳያለሁ።

ደሳለኝ፦ ራሴ እነዳለሁ። አራጌ፣ ቁልፉን።

አራጌ፦ ግራ እግርዎ እየደማ ነው። በቆሰለ እግር ፍሪሲዮን በደንብ ይረገጣል?

ደሳለኝ፦ [ወዲያው] አይረገጥም። ግማሽ ድረስ ከተረገጠ ማርሹን ይበላዋል።

አራጌ፦ እንግዲያው ቁጭ ብለው ይጠብቁን።

[አራጌና ደብሪቱ ይሄዳሉ። ከሩቅ ሦስተኛው ማርሽ ሲገባ ይሰማል። ደሳለኝ አንገቱን በአዎንታ ነቅንቆ ከሰልፉ ጫፍ መሬት ላይ ይቀመጣል። የመጠለያው መዝጋቢ ደብተሩን ይዞ ይደርስበታል።]

መዝጋቢው፦ ስም?

ደሳለኝ፦ ደሳለኝ። እኔ ግን ችግረኛ አይደለሁም።

መዝጋቢው፦ እሺ። ከየት መጡ?

ደሳለኝ፦ ከአሥመራ።

መዝጋቢው፦ ይህን ሁሉ በእግርዎ?

ደሳለኝ፦ እስከ ድልድዩ በመኪናዬ። የራሴ መኪና አለችኝ፤ ቀይ ናት፣ የቆዳ ወንበር ያላት።

መዝጋቢው፦ አሁን የት ናት?

ደሳለኝ፦ ሄደች።

መዝጋቢው፦ [ድምፁን አለስልሶ] አይዞዎት፣ አባቴ። እዚህ የተቀመጠው ሁሉ ያለው ሰው ነበር። ሥራዎስ ምንድን ነው?

[ደሳለኝ ልብሱን ያያል፣ ጫማውን ያያል። መኪናዋ የሄደችበት መንገድ ላይ አቧራው ገና አልሰከነም። ሰልፈኛው ወደዚያ እያየ የሹፌሩን ስም እየጠራ ይመርቃል።]

ደሳለኝ፦ የአራጌ አማች ነኝ።