ሦስቱ የመማሪያ መንገዶችና አንዱ ጓጉንቸር

በፖስተሩ ላይ ያለው ጓጉንቸር ቁልፉ እንደተሰካበት መሆኑን ያየሁት፣ ሠላሳውም ቅጂ በፋብሪካችን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ካለቀ በኋላ ነው። ከፎቶው በላይ በቀይ ጉልህ ፊደል «ደህንነቱ የተጠበቀ በር ይህን ይመስላል» ይላል። ልናገር አስቤ ነበር። ነገር ግን ፖስተሩ ታይቶ፣ ተገምግሞ፣ ማኅተም አርፎበታል። ማኅተም ካረፈበት በኋላ የሚገኝ ስህተት ደግሞ የተመልካቹ ስለሆነ ዝም አልኩ።

እንግዲህ ሰበታ ባለው የብርድ ልብስ ፋብሪካችን የተከናወነው ታላቅ ሥራ ሳይጻፍ እንዳይቀር እኔ የመጋዘኑ ሠራተኛ በአቅሜ እጽፈዋለሁ። ከሁለት ወር በፊት አንድ ማታ የመጋዘኑ ቁልፍ ጠፍቶ በሩ በሽቦ ታስሮ አደረ። ጠዋት ቁልፉ በጥበቃና ደህንነት መምሪያ ኃላፊው በአቶ አጵሎስ ጠረጴዛ ላይ ተገኘ። እንዴት እዚያ እንደደረሰ በመጣራት ላይ ነው ተባለ። እስኪጣራ ድረስ ለእኔ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ፤ በሩ ለሁለተኛ ጊዜ ሳይቆለፍ ቢያድር ከሥራ እሰናበታለሁ።

ሌላ መሥሪያ ቤት ቢሆን ሁለተኛ ቁልፍ ያስቀርጽ ነበር። የእኛ ግን ጠልቆ የሚያስብ ነው።

አቶ አጵሎስ ሰብስበውን እንዲህ አሉ፦ «ችግሩ ያለው ቁልፉ ላይ አይደለም! ችግሩ የቁልፉን ፖሊሲ ባስጨበጥንበት አግባብ ላይ ነው። የሰው ልጅ አንዱ በዓይኑ፣ አንዱ በጆሮው፣ አንዱ በእጁ ይማራል። እኛ ግን ሁሉንም በጅምላ ቆልፉ ስንል ኖርን!»

ቆልፉ ማለት ይህን ያህል ጥፋት መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ።

ስለዚህ ሥልጠና ታዘዘልን፤ አሰልጣኙ ሰላሃዲን የሚባል ትሑት ወጣት ነው። ሥልጠናው ቡራዩና ሱሉልታ ላይ ተሰጥቶ አመርቂ ውጤት እንዳመጣ ነገረን። የበር ጠባቂያችን ኦቦ ዳኜ እጃቸውን አወጡ።

«ሌባ ቀነሰ?»

«ተሳታፊ ጨመረ፣ አባቴ።»

ቀጥሎ እያንዳንዳችን በምን እንደምንማር በጥያቄ ተለየን።

«አዲስ ስልክ ቢገዙ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ? ሥዕሉን ያያሉ፣ ሰው እንዲነግርዎት ይጠይቃሉ፣ ወይስ ራስዎ ይነካካሉ?» አላቸው ኦቦ ዳኜን።

«ልጄ ነው የገዛልኝ።»

«እሺ፣ እርስዎ ቢገዙስ?»

«ምን ሆኜ እገዛለሁ፣ ልጄ ገዝቶልኝ?»

ሰላሃዲን ትንሽ አሰበና «በዓይን» ብሎ ጻፈ። እኔን በር ሲባል መጀመሪያ ምን ወደ ሐሳቤ እንደሚመጣ ጠየቀኝ። ኮሽታ አልኩት፤ እውነቴን ነው። «በጆሮ» ተባልኩ። ጫኝ አውራጁ ሀሰኖ አልተጠየቀም፤ ተራው ሲደርስ የአሰልጣኙን እስክሪብቶ ፈታትቶ ጨርሶ ስለነበር «በእጅ» ተባለ። ለዓይን ሰማያዊ፣ ለጆሮ ቢጫ፣ ለእጅ አረንጓዴ ሪባን ደረታችን ላይ ተሰካልን። አቶ አጵሎስም ሰማያዊ ሆኑ። ግራ መጋባትን ለመከላከልም፣ ማንም ሠራተኛ ከተመደበበት መንገድ ውጭ ስለ ደህንነት ምንም እንዳይነገረው የሚል መመሪያ ወጣ።

የመጀመሪያው ቀን የዓይን ነበር። ሰማያዊዎቹ ወንበር ተደርጎላቸው ፖስተሩን ሲያዩ ዋሉ። ሁለተኛው ቀን የጆሮ ሲሆን፣ አቶ አጵሎስ አርባ ሁለት ገጹን ፖሊሲ በድምፅ ማጉያ ራሳቸው አነበቡልን። ሠላሳ አምስተኛው ገጽ ላይ ድምፃቸው ሻከረ፤ አርባኛው ላይ ጨርሶ ተዘጋ። የቀሩትን ሁለት ገጾች ከንፈራቸውን እያየን አጨበጨብን። ሦስተኛው ቀን የእጅ ነበር። አረንጓዴዎቹ በሀሰኖ መሪነት የመጋዘኑን በር ሲቆልፉ ሲከፍቱ ውለው፣ ሲጨርሱ ልክ ፖስተሩ እንደሚያዘው ቁልፉን ጓጉንቸሩ ላይ እንደተሰካ ትተውት ሄዱ።

በአሥራ አንድ ሰዓት ልቆልፍ ብሄድ ያለ ቁልፍ የማይቆለፈው ጓጉንቸር ተከፍቶ ተንጠልጥሏል፤ ቁልፉ የለም።

ሰርቪሱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ይነሣል። ቤቴ ተፍኪ ነው። ልጄ ሩታ ከትምህርት ቤት ተመልሳ በር ላይ ቆማለች፤ የቤቱ ቁልፍ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። ቤታችን ደግሞ መንገድ ዳር ነው። ገና ከመጋዘኑ ደጅ ሳልንቀሳቀስ ልጄ በሐሳቤ ሦስት ጊዜ በአይሱዙ ተገጭታለች።

«ኦቦ ዳኜ፣ ማሎ፣ እባክዎ! የመጋዘኑን ቁልፍ አይተዋል?»

«የሩታ እናት፣ እኔ በዓይን ነኝ» አሉ ሪባናቸውን እያሳዩኝ። «ስለ ደህንነት በቃል እንዳይነገረኝ ተብሏል። ሥለሽ አምጪልኝ።»

«አሁን እኮ እየሰሙኝ ነው!»

«መስማቱንስ እሰማሻለሁ። አይገባህም ነው የተባልኩት።»

ወደ ሀሰኖ ሮጥኩ።

«አንዴ ልዳብሰው» አለ።

«ምኑን ነው የምትዳብሰው፣ ጠፍቷል እያልኩህ!»

«እንግዲያው ሌላ ቁልፍ አምጪና እንዴት እንደጠፋ በተግባር ላሳይሽ።»

የቢሮ ጸሐፊዋ ጣቢታ አዘነችልኝና በድምፅ ማጉያው ተናገረች። ቢጫዎቹ ከየክፍሉ እየሮጡ መጡ፤ ሁሉም ማሉ፤ ማንም ጋ የለም። ሰማያዊዎቹ ከተቀመጡበት አልተነቃነቁም። አቶ አጵሎስ ራሳቸው ከድምፅ ማጉያው ሥር ተቀምጠው የሥልጠናውን ሪፖርት በእርጋታ ይጽፋሉ። ሰርቪሱ ጥሩምባውን ነፋ።

«እንሥላለን!» አለች ጣቢታ። በስም መቆጣጠሪያው ወረቀት ጀርባ ላይ አካፋ የሚያህል ቁልፍ ሣለችና ለሰማያዊዎቹ ማሳየት ጀመረች። ኦቦ ዳኜ አይተው «ቁልፍ ነው» አሉ። ትክክል ነበሩ። ሥዕሉ እየዞረ አቶ አጵሎስ ዘንድ ደረሰ። መነጽራቸውን አስተካክለው ቀና ጎንበስ እያሉ መረመሩት። የሙያ ሰው ናቸውና አንዱ ጥርስ ደስ አላላቸውም። እስክሪብቶ አንሥተው አረሙት። ከዚያም በትክክል ማረማቸውን ለማመሳከር እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ከትተው ቁልፉን አወጡና ከሥዕሉ ጎን አስቀመጡት።



በሩ ላይ ተሰክቶ ቢያዩት በንቃት አንሥተውት ኖሯል። የሁለት ወሩ ማጣራትም በዚሁ ተጠናቀቀ።

ቁልፉን አንሥቼ ወደ መጋዘኑ በረርኩ። ድምፃቸው ገና ያልተመለሰው አቶ አጵሎስም ኦቦ ዳኜም ተከተሉኝ። በሩ ጋ ስደርስ አቶ አጵሎስ እጃቸውን ዘርግተው ቁልፉን አመለከቱ፤ ከዚያ ኪሳቸውን፣ ከዚያ ራሳቸውን፤ እንደገና ቁልፉን።

«ኦቦ ዳኜ፣ ምን እያሉ ነው?» አልኩ።

ኦቦ ዳኜ እያንዳንዱን ምልክት በጥሞና ተመለከቱ።

«ለእኔማ ጥርት ብሎ ገብቶኛል» አሉ። «በዓይን አይደለሁ? ለአንቺ ግን በምን ልንገርሽ? እኔ በቃል ባስተላልፍ መመሪያ መጣስ ነው። ልሣልልሽ ብል አንቺ በጆሮ ነሽ።»

አቶ አጵሎስ አፋቸውን ከፈቱ። ነፋስ ብቻ ወጣ።

ዘወር ብዬ ቢጫ ሪባኔን አሳየኋቸውና በተመደብኩበት መንገድ፣ ጆሮዬን አቅንቼ፣ በሙሉ ትጋት አዳመጥኳቸው። ምንም አልሰማሁም። ጓጉንቸሩን አስገብቼ ጫን አልኩት፤ ቁልፉን አዞርኩና ነቅዬ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት።

ቁልፉ ሲዞር ቀጭ ብሏል። እሱን ግን ጥርት አድርጌ ሰማሁት።