የሁሉም ሰው ታሪክ የደረሰባቸው ጋሽ ፈቃደ

በየሰፈሩ፣ በማንም ላይ የደረሰ ነገር ሁሉ በእሱ ላይ የደረሰ አንድ ሰው አይጠፋም። የልደታ ኮንዶሚኒየም ድርሻ ክቡር ጋሽ ፈቃደ ናቸው። ሲያወሩ «እሱ» ወይም «እሷ» የሚባል ነገር ከአፋቸው አይወጣም። ጠዋት የሰሙት የሰው ታሪክ ለምሳ የራሳቸው ይሆናል። ማሳረጊያውም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የቻልኩትን እኔ ነኝ የማውቀው!»

ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ሙሉመቤት መንታ የወለደች ጊዜ፣ ጋሽ ፈቃደ ወገባቸውን ይዘው ምጡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ግቢው ውስጥ ተረኩልን። ሴቶቹ ደንግጠው ወንበር አመጡላቸው። አንድ ጎረቤታችን አብነት ሰፈር ታክሲ ውስጥ ስልኩ ሲሰረቅም፣ መጀመሪያ ተሰራቂው ሆነው አንጀታችንን በሉት። ከዚያ ትንፋሽ ሳይወስዱ ሌባው ሆኑ፤ በጌጃ ሰፈር ቅያስ ለቅያስ ሲሮጡ ልባቸው ልትቆም ምን እንደቀራት ነገሩን። ለሌባውም አዘንንለት።

እንግዲህ እኔ እድላዊትን ላገባ ፈለግሁ። አባቷ አቶ አስመላሽ ሰላምታዬን እንኳ በግድ ነው የሚመልሱት፤ እንቢ ካሉ አለቀልኝ። ሽማግሌ ልልክ ስነሳ የብሎኩን አዛውንት መዝለል ነውር ነውና ጋሽ ፈቃደም ገቡበት። የማገባው እኔ መሆኔን ደጋግሜ ነገርኳቸው። ተቀየሙኝ።

አብረዋቸው የሄዱት አቶ ቱሉ በኋላ እንደነገሩኝ፣ ሽማግሌዎቹ በወጉ መሠረት ሳይቀመጡ ቆመው ሳለ፣ ጋሽ ፈቃደ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጅዎን ካየኋት ጀምሮ እህል አይበላልኝም» አሉ። አቶ አስመላሽ የሰውየውን ሽበት አይተው ግድግዳ ያዙ። አቶ ቱሉ ሙሽራው ሌላ መሆኑን እስኪያስረዱ ላብ አጠመቃቸው።

እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እየጠበቅሁ ነበር። ምን አሉ ብዬ ስጠይቅ ጋሽ ፈቃደ ባርኔጣቸውን አውልቀው አጠገቤ ተቀመጡ።

«እናቷ ካረፈች ወዲህ ያለችኝ ልጄ ብቻ ናት» አሉ። «ጠዋት ስትወጣ ኮቴዋን እስከ ታች ድረስ እሰማለሁ። ከእንግዲህ የማንን ልስማ?»

የጋሽ ፈቃደ ሚስት ደህና ናቸው፤ ያን ሰዓት ምሳ አቅርበው እየጠበቋቸው ነበር። ስለዚህ ማን እየተናገረ እንደሆነ ገባኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አቶ አስመላሽን ኩሩ ናቸው እያልኩ ሳማቸው ስኖር፣ አንድም ቀን ራሴን በእሳቸው ቦታ አስቀምጬ አላውቅም። አፈርኩ።

ጋሽ ፈቃደ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እሰጥሃለሁ» አሉ፤ «ሩቅ ብቻ አትውሰድብኝ።»

«አልወስድብዎትም፣ አባባ» አልኩና ጎንበስ ብዬ የጋሽ ፈቃደን ጉልበት ሳምኩ።